ሰዓት ቆጥሮ ኦዲተርን መመዘን

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኦዲት ድርጅት የቡድን መሪ ሆኜ ስመደብ ሠራተኛው የሚመዘነው በአንድ ቁጥር ነበር፦ ከወሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ በደንበኛ ስም የተመዘገበው ስንት በመቶ ነው? አሠራሩ ደንበኛ በሰዓት ሒሳብ ከሚከፍልባቸው አገሮች የተቀዳ ነው። እኛ ዘንድ ግን የኦዲት ዋጋ በአብዛኛው በጨረታ ተቆርጦ ያልቃል። ሥራው 200 ሰዓት ቢፈጅም 300 ቢፈጅም የሚገባው ገንዘብ ያው ነው። ታዲያ ሰዓት ያበዛ ለምን ይሸለማል?

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ለየሥራው የተመደበ የሰዓት ጣሪያም ስለነበር፣ ሥራ የቀለለው መዝገቡን ያሳብጣል፣ ሥራ የበዛበት ደግሞ ይደብቃል። ጎበዞቹ ልጆች ማታ ቤታቸው ወስደው የሠሩትን አይጽፉም ነበር፤ «ቀርፋፋ» መባልን ይፈራሉ። የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ የሚወጣው ከዚሁ የተሸራረፈ መዝገብ ነውና፣ ተረኛው ቡድን ከመነሻው ያልነበረ ጊዜ ይሰጠዋል። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የሚመረመረው የደረሰኝ ናሙና ነው። ኦዲት የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው።

የድርጅቱን ባለቤት ለምኜ መዝገቡን ከጉርሻ ለየሁት። ይህ ሳይቀድም ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ገንዘብ የታሰረበትን ሰዓት ማንም በእውነት አይጽፍም። ከዚያ ቀላል የኤክሴል ቅጽ አዘጋጀሁ። የአሜሪካ ጠበቆች ሰዓትን በ6 ደቂቃ ከፋፍለው ይመዘግባሉ፤ ለእኛ 15 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ቅጹ ከቢሮ ሳይወጡ በዕለቱ ይሞላል። ዓርብ ላይ ስለ ሰኞ የሚጻፍ መዝገብ ልብ ወለድ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ «ጥበቃ» ያልኩት ዓምድ ነው፤ ደንበኛን ስንጠብቅ ያለፈው ሰዓት የሚጻፍበት። ሰነድ ፍለጋ የሄደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ፈራሚው መስክ ስለወጣ የዘገየ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ያልተዘጋ ሒሳብ፤ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሒሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ግብሩን ማሳወቅ ስላለበት ደንበኞቻችን ሁሉ በአንድ ወቅት ይጣደፋሉ። በዚያ ጥድፊያ መካከል ልጆቻችን በየደንበኛው ኮሪደር ተቀምጠው እንደሚውሉ ያየሁት ዓምዱ ሲሞላ ነው።

መዝገቡን ይዤ ወደ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ ሄድኩ። «ሰነዱ በጊዜው ቀርቦላችሁ ነበር እኮ» አሉኝ። ቀኑን ከነሰዓቱ አሳየኋቸው። ሲያነቡ ቆይተው «እሺ፣ እንነጋገር» አሉ። አዲሱ ውል የሚቀርቡ ሰነዶችን ዝርዝርና የመጨረሻ ቀን ይዟል፤ ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ሌላ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ሌላ ኦዲተር ፈለገ። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም፤ እሱ ጋ የምንጠብቀው ከምንሠራው ይበልጥ ነበር።

ሠራተኛን አሁን የምመዝነው የሥራ ወረቀቱ፣ ማለትም ምን መርምሮ ምን እንዳገኘ የጻፈበት ሰነድ፣ ከገምጋሚው ስንት ጊዜ እንደተመለሰና ያነሳው ግኝት በማስረጃ መቆም አለመቆሙን አይቼ ነው። ይህም እንከን አለው፤ ከባድ ደንበኛ የደረሰው ልጅ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ይመለስበታል፣ ስለዚህ ምደባውን በየዓመቱ አዟዙራለሁ። ባለቤቱ ግን በወር መጨረሻ ያንን በመቶኛ ዛሬም ይጠይቃሉ። እልክላቸዋለሁ፤ ከጎኑ የጥበቃውን ሰዓት ጽፌ።