ሁለት ኮምፒውተር ያለ ስዊች፦ ኬብሉን እንዴት እንደሠራሁት

ደሴ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት ቤት 100 ጊጋባይት ፋይል ከአሮጌ ዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ ማዛወር ነበረብኝ። ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) የለም፤ በፍላሽ ማመላለሱ ደግሞ አያልቅም። ሁለቱን በአንድ ኬብል አገናኘኋቸው።

የያዝኩት 5 ሜትር ካት 5ኢ የኔትወርክ ኬብል፣ አራት አርጄ 45 (የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባ መሰኪያ)፣ ክሪምፐር (መሰኪያውን መጭመቂያ)ና ቴስተር (ኬብሉን መፈተሻ) ነው። ሁለቱ አርጄ መጠባበቂያ ናቸው፤ አንዴ ከተጨመቀ አይፈታም። ኬብል ስትገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነውና ተዉት፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠፍ ይበጠሳል።

በ100 ሜጋቢት ኮምፒውተር በአርጄው 1ኛና 2ኛ ጥርስ (የብረት መገናኛ) ይልካል፣ በ3ኛና 6ኛ ይቀበላል። ስለዚህ የአንዱ መላኪያ ሌላው መቀበያ ላይ እንዲያርፍ ሁለቱ ጫፎች ይለያያሉ። የአርጄውን ምላስ ወደ ታች፣ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከግራ ጀምሬ አንዱን እንዲህ ደረደርኩ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሌላው ጫፍ ነጭ ብርቱካኑ ከነጭ አረንጓዴው፣ ብርቱካኑ ከአረንጓዴው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የቀረው አይነካም። ቴስተሩ ላይ 1 ሲበራ ማዶ 3፣ 2 ሲበራ 6 መብራት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴውን ከነጩ አጠገብ፣ 4 ላይ ሲያስገባ ነው። ቴስተር ሽቦው መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያይም፤ ሁሉም መብራት ይበራል። 3 እና 6 ግን አብረው ከተጠማዘዙ ከአንድ ጥንድ ካልሆኑ ጥምዝምዙ የኤሌክትሪክ ጫጫታውን አያጠፋም። አጭር ኬብል ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲረዝም ይንተባተባል። ጥምዝምዙንም ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ፤ የውጭው ልባስ አርጄው ውስጥ ገብቶ ይነከስ።

አዳዲስ ጊጋቢት የኔትወርክ ካርዶች መላኪያና መቀበያውን ራሳቸው ስለሚያገላብጡ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆነ ተራ ኬብልም ይበቃቸዋል። የዴስክቶፑ ካርድ ባለ 100 ሜጋቢት ስለነበር አላመንኩትም።

አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) በእጅ ሰጠሁ፦ ለአንዱ 192.168.10.1፣ ለሌላው 192.168.10.2፣ ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ ባዶ። አይፒው በ169.254 ከጀመረ የሞላችሁት አልተያዘም ማለት ነው። ፒንግ (መገናኘታቸውን መፈተሻ ትእዛዝ) በአንድ በኩል ብቻ ከሄደ ኬብሉን አትቁረጡ፤ ጥፋቱ የፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግድ ፕሮግራም) ነው።

በዚህ ካርድ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፤ ለ100 ጊጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። በዚያ መሃል መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ) ገለበጥኩ፤ ሲቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ማስኬድ ነው፣ ያለቁትን እየዘለለ ይቀጥላል።