17.5 ናኖሰከንድ፦ ሴቭ ያደረግኩት ሴቲንግ ሦስት ቀን ሲያደክመኝ

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በሞገድ መልክ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ) መማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ መሣሪያውን አብርቼ፣ የምፈልገውን ሴቲንግ ጠርቼ፣ ፕሮቡን (ከቦርዱ ሲግናል የሚወስደውን የመለኪያ ገመድ) ሰክቼ ሥራ ለመጀመር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም። እዚህ የደረስኩት ግን ሴቲንግ አስቀምጦ መልሶ መጥራት፣ ማለትም ሴቭና ሪኮል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ካደከመኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የቮልቴጅና የጊዜ ማዞሪያዎቹን ለመድኩ፣ ሞገዱ ከየት ላይ መሳል እንደሚጀምር የሚወስነው ትሪገር ገባኝ፣ ስክሪኑ ላይ ይሮጥ የነበረው ሞገድ ቆመልኝ። እስከዚያ ድረስ መጠጊያዬ ሁሉንም በራሱ የሚያስተካክለው ቁልፍ፣ አውቶሴት ነበር። ለጀማሪ የምመክረው ከዚህ ቁልፍ ቶሎ እንዲላቀቅ ነው። አውቶሴት ሞገድ ፈልጎ ያሳያችኋል እንጂ እናንተ ምን ለማየት እንደተነሳችሁ አያውቅም፤ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሲግናል ከሆነማ ጭራሽ አያገኘውም። በእጅ አስተካክሎ ሴቭ ማድረግ ይሻላል ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሴቲንጌ የፓወር ሰፕላይ ሪፕል (ቮልቴጁ ላይ የሚቀር ትንሽ ሞገድ) መለኪያ ነበር፤ የማይለዋወጠውን ቮልቴጅ የሚያስቀረው ኤሲ ካፕሊንግ፣ በጣም ፈጣኑን ሲግናል የሚያዳክመው የባንድዊድዝ ገደብ 20 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ቮልቴጁ በሚሊቮልት። በጣም ጥሩ ሠራ። ከዚያ የኤስፒአይ ክሎክ (ቺፖች ዳታ ሲለዋወጡ ምት የሚሰጣቸውን ሲግናል) የማይበት ሌላ ሴቲንግ አስፈለገኝ። ከባዶ መጀመር ታከተኝና የሪፕሉን ጠርቼ ዓይኔ ያየውን ብቻ ቀየርኩ፦ ካፕሊንጉን ወደ ዲሲ፣ ቮልቴጁን ወደ 1 ቮልት በአንድ የስክሪን ክፍል፣ የጊዜውን መጠን፣ ትሪገሩን። ቁጥር 3 ላይ ሴቭ አደረግኩት። የባንድዊድዝ ገደቡ ግን ሜኑ ውስጥ እንደተቀመጠ አብሮ ተሻገረ። ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ከቻናሉ ቁጥር አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ፊደል ናት፤ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው። አንድ ሚሞሪ ቺፕ አልፎ አልፎ የተሳሳተ ዳታ ይመልስልኝ ጀመር። ቁጥር 3ን ጠርቼ ክሎኩን ሳየው ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ 18 ናኖሰከንድ ገደማ። ለዚያ ቦርድ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ መስመሩ ላይ ያለው 33 ኦም ሬዚስተር ነው ያዘገየው ብዬ ነቅዬ በሽቦ አገናኘሁት። ለውጥ የለም፤ አሁንም 18። የዳታው ስህተት ግን ባሰ። ፕሮብ ቀየርኩ፣ ቺፑን ቀየርኩ፣ ሽያጩን በማጉያ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ምንም እንከን የሌለበት ሌላ ቦርድ ስለካ እሱም 18 ገደማ አለኝ። ሁለት የማይገናኙ ቦርዶች አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡ ጥፋቱ የቦርዶቹ ሊሆን አይችልም።

0.35ን ለባንድዊድዙ ስናካፍል የመሣሪያውን የራሱን የመውጫ ጊዜ በግምት እናገኛለን። የእኔ ኦሲሎስኮፕ 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ 3.5 ናኖሰከንድ መሆን ነበረበት። 0.35 ለ20 ሜጋኸርዝ ሲካፈል ግን 17.5 ይሆናል። ይህን ወረቀት ላይ እንደጻፍኩ ሜኑውን ከፈትኩ፤ ገደቡ እንደበራ ነበር። ሳጠፋው ክሎኩ ወደ 6 ናኖሰከንድ ወረደ፤ ከጫፉ ላይ ደግሞ ገደቡ ደብቆት የቆየ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ብቅ አለ። የመሬት ክሊፑን ረጅም ሽቦ ነቅዬ በአጭሯ ስፕሪንግ ብለካም አልጠፋም፤ ከቦርዱ ነው ማለት ነው። ቺፑ አንዱን ክሎክ ሁለት እያደረገ ይቆጥረው ነበር። ሬዚስተሩን መንቀሌ የባሰ አናወጠው፤ ይህን ማመን ከብዶኝ ነበር።

ከዚህ ወዲህ አዲስ ሴቲንግ ስሠራ የምነሳው ከዲፎልት (ከፋብሪካው ሴቲንግ) ነው፤ በፍጹም ከሌላ ሴቲንግ ላይ አልሠራም። ብዙዎች ሪኮል ከማድረጋችሁ በፊት ዲፎልት ተጫኑ ይላሉ፤ እኔ አልስማማበትም። ሪኮል ራሱ የነበረውን በሙሉ ይሽረዋል፤ ስህተቱ የሚገባው ሴቭ ስናደርግ ነው። ቁጥር ብቻም አይበቃም። በፍላሽ ላይ ፋይሉን የሥራውን ስም ሰጥቼ አስቀምጣለሁ፣ ደብተር ላይም ካፕሊንጉን፣ ገደቡን፣ የፕሮቡን ብዜትና ትሪገሩን እጽፋለሁ። ደብተሩን አንዳንድ ቀን እዘላለሁ፤ በዘለልኩ ቁጥር ተጸጽቻለሁ።

በጣም የወደድኩት ዘዴ ግን ኮምፒውተር ማገናኘት ነው። ሴቭና ሪኮል እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የመለኪያ መሣሪያዎችና የኮምፒውተር መገናኛ ደንብ፣ በአይትሪፕልኢ 488.2 ውስጥ የተደነገጉ ትዕዛዞች አሏቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የመሣሪያዎች ትዕዛዝ ቋንቋ ኤስሲፒአይም የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው። የእኔ መሣሪያ ያለበትን ሴቲንግ በጽሑፍ ይልክልኛል። ሁለት ሴቲንጎችን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነጻጽር የሚለያዩት መስመሮች ብቻ ይታዩኛል። ቀድሜ አውቄው ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ቀን አምስት ደቂቃ ይተካው ነበር።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሪኮል ስታደርጉ ደግሞ ቦርዱን መጀመሪያ ንቀሉ። 12 ቮልት የተቀመጠበትን ቁጥር 3.3 ቮልት በሚሠራ ቦርድ ላይ መጥራት የአንድ ጣት ስህተት ነው።

አንድ ነገር ግን ሪኮል ፈጽሞ አይመልሰውም፦ ፕሮቡ አንገት ላይ ያለችውን የ1 እና የ10 ብዜት ማብሪያ። 10 ላይ ስትሆን ሲግናሉን በአሥር ታሳንሳለች፣ መሣሪያው ደግሞ መልሶ በአሥር ያባዛዋል። ሴቲንጉ 10 ብሎ ማብሪያዋ 1 ላይ ከሆነች 5 ቮልቱ 50 ሆኖ ይታያል። እኔ ማብሪያዋን 10 ላይ አድርጌ በፕላስተር ጠቅልያታለሁ። ያ ቦርድም ሬዚስተሩ 68 ኦም ሆኖ ተመልሶለት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ስህተት እየሠራ ነው።