በሎጉ ውስጥ ያልነበረው መስመር

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብቼ ገና ኮቴን ሳላወልቅ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። የደወሉት የላይኛው ፎቅ የንድፍ ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ፣ ከባለሙያዎቻቸው አንዱም የንድፍ ሶፍትዌሩን መክፈት እንዳልቻለ፣ ፕሮግራሙ መነሳት ይጀምርና ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ከቆየ በኋላ ፈቃድ ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። «ታች ያሉት ግን እየሠሩ ነው፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ» ሲሉም ጨመሩ። በዚያ ሳምንት የሚያስረክቡት ሥራ ስለነበረባቸው ትዕግሥታቸው አጭር ነበር፤ እኔም ያንን ስለማውቅ የሰማሁትን ሳላሰላስል መልስ ለመስጠት ቸኮልኩ። «ፈቃዱ አልቆ ይሆናል፤ ሥራ ላይ ያላዋሉት ሰዎች እንዲዘጉ አደርጋለሁ» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሶፍትዌሩ በ50 ያህል ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነ ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቱ የገዛው የኔትወርክ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው 30 ሰው ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ፈቃዶቹን ከሚያድለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ከፈቃድ ሰርቨሩ፣ አንድ ፈቃድ ይወስዳል፣ ሲዘጋም ይመልሳል፤ 31ኛው ሰው ሲመጣ ከቀደሙት አንዱ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቃል። የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ይህ ሽሚያ ያጋጥመን ስለነበር፣ «ላይሰንስ የለም ይላል» የሚል ስልክ ሲደወል መድኃኒቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ታች ያሉትን ዞሬ አስዘጋለሁ፣ ላይ ያሉት ይከፍታሉ፣ ጉዳዩም እዚያው ያበቃል።

በዚያን ቀን ግን አራት ሰዎች ዘጉልኝ፣ ላይ ያሉት አሁንም መክፈት አልቻሉም። ይህ ብቻውን ግምቴ ስህተት መሆኑን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ መጫን ጀመርኩ። አጥፍቶ መጫን በእኛ ሙያ ከሕክምናነቱ ይልቅ ማስታገሻነቱ ይበልጣል፤ የሚያስታግሰውም ታማሚውን ሳይሆን ባለሙያውን ነው፣ ምክንያቱም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ላይ ያለ ያስመስለዋል። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ ከመልእክቱ ሥር ቁጥርም ነበረው» ብላ በቁራጭ ወረቀት ላይ «-15» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። አመስግኜ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ጭነቱ ተጠናቀቀ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ እንደገናም ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ቆይቶ ያንኑ መልእክት አወጣ።

ወረቀቱን ከኪሴ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ሶፍትዌራችን የሚጠቀምበት የፈቃድ ሥርዓት ፍሌክስኔት የሚባለው ሲሆን፣ የስህተት ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተሰጡ አይደሉም። ፈቃዱ ሁሉ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የሚታየው ቁጥር -4 ነበር፤ የተጠየቀው የሶፍትዌሩ ክፍል በፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ጭራሹን ባይኖር -5 ይሆን ነበር። -15 ግን ስለ ፈቃድ ብዛት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ የሚለው ከፈቃድ ሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት ማንበብ በቂ በነበረበት ጉዳይ ላይ የአራት ሰዎችን ሥራ አቋርጬ ነበር።

ወጣቷ መሐንዲስ ሌላም ነገር ነግራኝ ነበር፤ እሱንም ሰምቼ አልፌዋለሁ። «እምቢ ለማለትም ብዙ ጊዜ ይወስድበታል» ነበር ያለችው። ፈቃድ ሲያልቅ ሰርቨሩ መልሱን የሚሰጠው ወዲያውኑ ነው፤ ጥያቄው ደርሷል፣ ተቆጥሯል፣ ተከልክሏል። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ራሱ በመንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በመካከል ያለ ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርክ ግንኙነቶችን እየለየ የሚያሳልፍ ዘብ፣ የማይፈቅደውን ግንኙነት በግልጽ ከመመለስ ይልቅ በዝምታ ሲጥለው፣ ላኪው ኮምፒውተር መልስ ይመጣል ብሎ እስኪታክተው ይጠብቃል።

ይህንን ይዤ ከዚያው ከላይኛው ፎቅ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨሩን ፒንግ ባደርገው፣ ማለትም መኖሩን የሚጠይቅ አጭር መልእክት ብልክለት፣ መለሰልኝ። የፈቃድ ሰርቨሩ የሚያዳምጥበትን ፖርት (ግንኙነት የሚገባበትን ባለ ቁጥር በር) 27000ንም ሞከርኩት፤ እሱም ክፍት ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ሰርቨሩ ይታያል፣ ፖርቱ ይመልሳል፣ ታችኛው ፎቅ ይሠራል፣ ሆኖም ከላይ ያለው ሰው ሁሉ መገናኘት አልቻልኩም ይላል።

ወደ ቢሮዬ ወርጄ ሰርቨሩ የሚያደርገውን ሁሉ የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል ከፈትኩ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው ፈቃድ ሲወስድ በሎጉ ላይ «አውት» የሚል መስመር ይጻፋል፣ ሲመልስ «ኢን»፣ ሲከለከል ደግሞ «ዲናይድ»፤ ከእያንዳንዱ ጋርም የተጠቃሚውና የኮምፒውተሩ ስም ይሰፍራል። የፈለግሁት «ዲናይድ» የሚለውን ነበር፤ ከጠዋቱ ጀምሮ አንድም አልነበረም። ከዚያም የላይኛውን ፎቅ ኮምፒውተሮች ስም አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ እነሱም አልነበሩም። ከሃያ በላይ ሰዎች ጠዋቱን ሙሉ ደጋግመው ሲጠይቁ የዋሉት ሰርቨር አንዳቸውንም አላያቸውም። ስህተት ስፈልግ ዓይኔ የሚለምደው የተጻፈውን ነበርና፣ መጻፍ ሲገባው ያልተጻፈ ነገር መልስ ሆኖ ሲቀርብልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ታዲያ 27000 ክፍት ሆኖ ሳለ ጥያቄው የት ቀረ? ነገሩ የሚገባው በፈቃድ ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት ፕሮግራሞች አንድ ሳይሆኑ ሁለት መሆናቸውን ላስተዋለ ነው። የመጀመሪያው ኤልኤምጂአርዲ የሚባለው አስተዳዳሪ ሲሆን፣ ሥራው በር ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሰው ወደሚመለከተው ክፍል እንደሚመራ ሠራተኛ ነው። ፈቃዱን የሚቆጥረውና የሚሰጠው ሁለተኛው ማለትም የሶፍትዌሩ አምራች የሚያዘጋጀው ቬንደር ዴመን የሚባለው ነው። ተጠቃሚው መጀመሪያ አስተዳዳሪውን በ27000 ያገኘዋል፤ አስተዳዳሪው ቬንደር ዴመኑ የሚያዳምጥበትን ፖርት ቁጥር ይነግረዋል፤ ተጠቃሚውም ወደዚያ ሄዶ ፈቃዱን ይጠይቃል። እኔ የሞከርኩት የበሩን ሠራተኛ ብቻ ነበር።

በፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ለቬንደር ዴመኑ የተወሰነ ፖርት ካልተጻፈለት፣ በተነሳ ቁጥር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከነፃ ፖርቶች አንዱን ያድለዋል። በዘመናዊ ዊንዶውስ ላይ ይህ ዕደላ ከ49152 እስከ 65535 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በሎጉ መጀመሪያ ላይ ዴመኑ በዚህኛው መነሳት የያዘው ቁጥር 50212 መሆኑ ተጽፏል። የሁለቱን ፎቆች ኔትወርክ በሚለየው ፋየርዎል ላይ ያሉትን ደንቦች ስመለከት ደግሞ ለፈቃድ ሰርቨሩ የተፈቀዱት ሁለት ፖርቶች 27000 እና 49731 ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ለምን እንደተከፈተ የሚገልጽ አንድም ቃል የለም፤ የመግለጫው ቦታ ባዶ ነው።

ከእኔ በፊት በቦታው የነበረው ባልደረባ ሥርዓቱን ሲተክል ሎጉን አይቶ ዴመኑ በዚያን ቀን የያዘውን ቁጥር ከፍቶለታል፤ ሠርቷልም። ሰርቨሩ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያህል ሳይጠፋ በመቆየቱ ዴመኑም ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ነበር። ቅዳሜ ማታ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ጭኜ ሰርቨሩን ዳግም ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሲነሳም አገልግሎቶቹ ሁሉ አረንጓዴ መሆናቸውን አይቼ ወደ ቤቴ ሄጄ ነበር። ታችኛው ፎቅ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለሚገኝ በዚያ ፋየርዎል አያልፍም፤ በሰርቨሩ ላይ ያለው የራሱ ፋየርዎልም ሁለቱን ፕሮግራሞች በፖርት ቁጥር ሳይሆን በስማቸው ስለሚያሳልፍ ታች ላሉት የተቀየረ ነገር አልነበረም።

መፍትሔው አጭር ነው፤ በፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ዴመኑን በሚጠራው መስመር መጨረሻ ላይ የማይለወጥ ፖርት መጻፍ። አንዳንድ ባልደረቦች የፈቃድ ፋይልን መንካት ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ ያበላሸዋል ብለው ስለሚፈሩ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ይሸሹታል። ፍርሃቱ ግማሽ እውነት አለው። የሰርቨሩ መለያ የሆነው የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር)፣ የፈቃዱ ብዛትና የማብቂያ ቀኑ በፊርማው የተጠበቁ ስለሆኑ አንዱን ፊደል መቀየር ፈቃዱን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ የሰርቨሩ ስም፣ የፖርት ቁጥሮቹና የዴመኑ መገኛ አቃፊ ግን እንዲስተካከሉ የተተዉ ናቸው። እኔ የመረጥኩት 27010ን ነው፤ ከ27000 እስከ 27009 ያሉት ለአስተዳዳሪው የተለመዱ በመሆናቸው፣ ከ49152 በላይ ያሉትን ደግሞ ዊንዶውስ ለሌላ ፕሮግራም ሊያድላቸው ስለሚችል።

ለውጡ የሚሠራው አገልግሎቱ ቆሞ ሲነሳ ነውና ታች እየሠሩ ያሉትን ላለማቋረጥ የምሳ ሰዓትን ጠበቅሁ። ሥራቸውን አስቀምጠው እንዲዘጉ ለሁሉም መልእክት ላክሁ፣ በስድስት ሰዓት ተኩል አገልግሎቱን አቁሜ አስነሳሁት፤ አስተዳዳሪው ተነሳ፣ ዴመኑ ግን አልተነሳም። አንድ ነገር ደጋግሞ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ይሞክራል። ለካስ በመጀመሪያው ሙከራዬ በ27010 ላይ ለአፍታ ተነስቶ ሳለ በፋይሉ ላይ ሌላ ስህተት መሥራቴን አይቼ እንደገና አቁሜው ነበር፤ በዚያች አፍታ ውስጥ አንድ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ምሳ የሄደ ሰው ኮምፒውተር ግንኙነቱን አድሶ ኖሯል። ዴመኑ ቋሚ ፖርት ሲሰጠው የቀደሙት ግንኙነቶች ሙሉ በሙሉ እስኪዘጉ ድረስ ያንን ፖርት መልሶ መያዝ ላይችል ይችላል፤ ቁጥሩን በነፃነት ሲመርጥ ይህ ችግር አይገጥመውም። ወንበሩ ባዶ የሆነውን ኮምፒውተር ፈልጌ ፕሮግራሙን ዘጋሁት፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሼ ጠበቅሁ፣ ዴመኑም ተነሳ። እነዚያን ደቂቃዎች እስካሁን አልረሳኋቸውም፤ ጠዋት ግማሹ መሥሪያ ቤት ነበር የቆመው፣ በእኔ እጅ ግን ለጊዜውም ቢሆን ሙሉው ቆሞ ነበር።

በፋየርዎሉ ላይ 49731ን ሰርዤ 27010ን ስከፍት የመግለጫውን ቦታ ባዶ አልተውኩትም። ከሰዓት በኋላ ላይኛው ፎቅ ሁሉ ሥራ ጀመረ፣ ከሁለት ኮምፒውተሮች በቀር። የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ቀደም ሲል የነበረ የአሮጌ ሰርቨር ስም በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮግራሙ አዲሱን ከመጠየቁ በፊት ከብዙ ወራት በፊት የጠፋውን ሰርቨር ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበት ነበር። ስሙን ሳጠፋው ተከፈቱ።

የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ በማግስቱ መጥተው «አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ነገር እንዴት በአንድ ሌሊት ይበላሻል?» ብለው ጠየቁኝ። የተበላሸው ቅዳሜ ሳይሆን በተተከለበት ዕለት እንደነበረ፣ ቅዳሜ የሆነው መገለጡ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ብዙም የረኩ አልመሰለኝም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልረካም ነበር። ማሻሻያውን ማን እንደጫነ ሲጠይቁኝ እኔ መሆኔን ገለጽኩላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩን ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁት። ሁለቱንም ጊዜ ዴመኑ የተነሳው በ27010 ነበር። ሆኖም በአገልግሎቶቹ አረንጓዴ ምልክት ረክቼ አልሄድኩም፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ በወጣቷ መሐንዲስ አጠገብ በሚገኘው፣ ሶፍትዌሩን በከንቱ አጥፍቼ በጫንኩበት ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ከፈትኩና ተመልሼ ሎጉን ተመለከትኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ «አውት» የሚለው ቃል ከዚያ ኮምፒውተር ስም ጋር ተጽፎ ነበር።