አረንጓዴው ቁጥር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ፎሬክስ (የአገራትን ገንዘብ በኢንተርኔት መግዛትና መሸጥ) ለሚነግዱ ሰዎች የዜና ማስታወሻ አዘጋጅ ነበር። የሳምንቱን ዜናዎች፣ ሰዓታቸውንና የተገመተውን ቁጥር አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። አለቃችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። ደግ ሰው ናቸው። ዜና ላይ ግን አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ የዜና ካሌንደሩ ላይ አረንጓዴ (ከተገመተው የተሻለ ቁጥር) ከወጣ ዶላር ይገዛል፣ ቀይ (የባሰ) ከወጣ ይሸጣል።

ሰኔ 28 ቀን 2016 አርብ ነበር፣ የኤንኤፍፒ፣ ማለትም የአሜሪካ ወርሃዊ የሥራ ሪፖርት የሚወጣበት ቀን። ከጁምዓ የተመለሱት ገብተዋል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ልክ 9፡30 ላይ ቁጥሩ ወጣ። የተጠበቀው 190 ሺህ አዲስ ሥራ፣ የመጣው 206 ሺህ። አረንጓዴ። ጋሼ ዩሮ ዶላር ላይ ሴል ሊጫኑ፣ ማለትም ዩሮ ሸጠው ዶላር ሊገዙ ሲሉ ጣልቃ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቆዩ። ሪፖርቱን ወደታች እንየው።»

«ምን አለው ደግሞ?»

«የኤፕሪልና የሜይ ቁጥር ተከልሷል። ሁለቱ ተደምረው በ111 ሺህ ወርደዋል። ሥራ አጥነቱም ከ4.0 ወደ 4.1 በመቶ ወጥቷል።»

ዞር ብለው አዩኝ። እጃቸው ከማውሱ አልተነሳም። «አብሽር የኔ ልጅ» አሉ፣ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ተጫኑ።

ተረቱን እወደዋለሁ፣ እዚህ ቦታ ግን አይገባም። ከግምቱ በላይ የተገኘው 16 ሺህ ነው፣ ከኋላ የተቆረጠው 111 ሺህ። ያኔ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለዱን ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ላይ አቁሞት ስለነበር ገበያው ቀን ከሌት የሚጠይቀው መቼ ይቀንሳል የሚለውን ብቻ ነበር። የሥራ ገበያው ከቀዘቀዘ ወለዱ የሚወርድበት ቀን ይቀርባል፤ ወለዱ ከወረደ ደግሞ ዶላር ይዞ መቀመጥ የሚያስገኘው ያንሳል። ስለዚህ ከላይ አረንጓዴ የሆነው ሪፖርት ውስጡ ለዶላር ጥሩ አልነበረም። ዩሮ የዚያን ቀን ከፍ ብሎ ነው የዘጋው። የጋሼ ስቶፕ ሎስ (ኪሳራው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ንግዱን በራሱ የሚዘጋው ትዕዛዝ) ግን ከዚያ በፊት ተመቷል።

እስካሁን የሚቆጨኝ አለመሰማቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ የተባለው ነው። «ዜና አይሠራም፣ ትልልቆቹ ባንኮች የሚጫወቱበት ነው» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዜናውማ ሠርቷል! እስከ መጨረሻው አልተነበበም እንጂ። አንድ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ገንዘብ ሲያስገባና ሲከስር፣ ከዚያም ጥፋቱን ለዜናው ሲሰጥ፣ እዚያ የተቀመጡ ወጣቶች ሁሉ ያንኑ ተምረው ይወጣሉ። ይህ ያናድደኛል።

በወሩ፣ ሐምሌ 26፣ ሌላ ኤንኤፍፒ መጣ። የተጠበቀው 175 ሺህ፣ የወጣው 114 ሺህ። ሥራ አጥነት 4.3 በመቶ። ቀይ። ጋሼ ሳያመነቱ ዶላር ሸጡ፣ ዶላርም ወረደ፣ ጥሩ አተረፉ። የሁላችንንም ምሳ ከፈሉ። «አየህ» አሉኝ፣ «ቀለሙ ይበቃል።» ያን ቀን ቀለሙም ውስጡም አንድ ዓይነት እንደነበረ ነገርኳቸው። ሥራ አጥነቱን፣ የተከለሰውን ቁጥር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «ይሁን፣ ብላ» አሉኝ።

ሁለቱንም ሪፖርቶች አትሜ ይዣቸዋለሁ። ፎሬክስ ልጀምር የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስነብበው የሰኔውን ነው። የሐምሌውንማ ማንም ያነበዋል።