ድፍርስ ውሃ ፍለጋ

የ2015 ዓ.ም. ዳግማ ትንሣኤን ላስ ቬጋስ ውለን፣ ወደ እኩለ ሌሊት ላይ መኪና አስነሥተን ወጣን። አብረውኝ የተጓዙት ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ታችኛው ኦሞ ውስጥ ለዓመታት በግብርና ሠራተኛነት የኖሩ ሰው ናቸው። «ግድብ ሆን ብሎ ጎርፍ ሲለቅ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው፣ ቴርሞሳቸውን በቡና ሞልተው፣ ከበዓል የተረፈውን ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለው ተነሡ። በዩታ በኩል ሴንት ጆርጅንና ካናብን አልፈን አሪዞና፣ ፔጅ ከተማ ስንገባ ሰማዩ መቅላት ጀምሮ ነበር።

ኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው ግሌን ካንየን ግድብ ቁመቱ 216 ሜትር ነው። ፊት ለፊቱ ባለው ድልድይ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል። ከግርጌው፣ ከአራት ቱቦዎች ነጭ ውሃ እየተምዘገዘገ ወደ ወንዙ ይወረወራል፤ እላይ ድልድዩ ላይ ቆመን እንኳ ጉምጉምታው ደረታችን ውስጥ ይሰማናል። ለሦስት ቀን ያህል በሰከንድ 1,100 ሜትር ኩብ ገደማ ሊለቀቅ ነው። ይህን ሁሉ ተርባይኖቹ ብቻቸውን ማሳለፍ ስለማይችሉ የተረፈው በቱቦዎቹ ይወጣል። በእነሱ በኩል የሚወጣው ውሃ አንድ አምፖል አያበራም።

«ታዲያ ለምን ይደፉታል?» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ።

የነገርኳቸው ባለፈው መከር ያየሁትን ነው። ከግድቡ በታች፣ ሊስ ፌሪ አጠገብ፣ ካቴድራል ዋሽ የሚባል ጠባብ ደረቅ ሸለቆ አለ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ የእግር መንገድ ወስዶ ኮሎራዶ ወንዝ ዳር ያደርሳል። ያኔ ውሃው እንደ ጠርሙስ አረንጓዴና ጥርት ያለ ነበር። እጄን ብነክር ቀዘቀዘኝ፤ ውሃው የሚለቀቀው ግድቡ ካቆረው ሐይቅ ላይኛ ገጽ ሳይሆን ከዚያ በታች ካለው ክፍል ነውና። ዳርቻው ላይ ድንጋይ በዝቷል። የቀረችው ጥቂት አሸዋም ጠርዟ በቢላ የተቆረጠች ትመስላለች። ኮሎራዶ በስፓኒሽ ቀይ ማለት ነው፤ ወንዙ በደለሉ ቀልቶ ይወርድ ነበርና። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ይህ ወንዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የግድቡ በሮች ሲዘጉ ማደሪያ አገኘና ግንዱንም አፈሩንም ግድቡ ባቆረው ፓወል ሐይቅ ውስጥ አራገፈ። ከዚያ የሚወጣውን ጥርት ያለ ውሃ ባለሙያዎቹ «የተራበ ውሃ» ይሉታል። አፈር ስለሌለው ከዳርቻው እየላጠ ይሄዳል።

በእ.ኤ.አ. 1996 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብሩስ ባቢት ራሳቸው ቫልቭ ከፍተው፣ ለሰባት ቀን የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ጎርፍ ተለቀቀ። አዳዲስ የአሸዋ ዳርቻዎች ብቅ አሉ፤ ደስታው ትልቅ ነበር። በኋላ ሲጠና ግን አብዛኛው አሸዋ የመጣው ከወንዙ ወለል ሳይሆን ከላይኞቹ ዳርቻዎች ተገፎ እንደሆነ ታወቀ። ጎርፉ ካንዱ ነጥቆ ለሌላው ሰጥቷል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ይህ ነው፦ ለተጎዳ ወንዝ ውሃ ብቻ መልቀቅ አይበቃም፤ አፈር እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አፈሩን የምታመጣው ፓሪያ ናት። ከፔጅ በመኪና ዞረን፣ ናቫሆ ድልድይን ተሻግረን ሊስ ፌሪ ደረስን። ጋሼ ፓሪያን አይተው «ይቺ ናት እንዴ?» አሉ። ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሯት ቀጭን ወንዝ ናት። በክረምት ዶፍ ሲወርድባት ግን ከቀይ ኮረብቶቹ አሸዋ ጠራርጋ ትመጣለች። ከግድቡ በታች የኮሎራዶ የመጀመሪያዋ ትልቅ የአሸዋ ምንጭ እሷ ናት። ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ ጎርፍ ለመልቀቅ የሚወሰነው እሷ ያመጣችው አሸዋ ተለክቶ ነው።

ጋሼ ቁጢጥ ብለው ጭቃውን ዘገኑ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት፣ አሸተቱት።

«ኦሞ ሲሞላ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ አይፈራም ነበር» አሉኝ። «ውሃው ሲሸሽ እግር በእግሩ እየተከተሉ ማሽላ ይዘራሉ። ዳሰነች በሬም ሞፈርም አይሻም ነበር፣ ልጄ። ያቺ ርጥበት ትበቃዋለች።»

ኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ የየዓመቱ ጎርፍ እንደ ድሮው አይመጣም። ሲታቀድ ሰው ሠራሽ ጎርፍ በሰነዱ ውስጥ ተካቶ እንደነበር ጋሼ ያውቃሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ እዚህ ድረስ የመጡትም ለዚህ ነው። ጭቃውን ከእጃቸው ለማጠብ አልቸኮሉም።

ስንመለስ ናቫሆ ድልድይ ላይ ቆምን። 140 ሜትር ያህል ከታቻችን፣ ያ አረንጓዴ ወንዝ ሻይ በወተት መስሎ ይወርዳል። ጋሼ የድልድዩን መደገፊያ ይዘው ብዙ ቆዩ። «ደፈረሰ» አሉ ብቻ።

ሰኔ ላይ ብቻዬን ወደ ካቴድራል ዋሽ ተመለስኩ። ያ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ፣ ከቁጥቋጦዎቹ ሥር፣ አዲስ አሸዋ ተኝቷል፤ የእንሽላሊት ዱካ እንደ ጥልፍ ተጠልፎበታል። በጣቴ ስቆፍረው ከሥሩ ርጥብ ነው። ነፋስ ሲነሣ ከላዩ ደቃቁን እየገፈፈ ወደ ገደሉ ይወስዳል፤ በግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የሆፒና የዙኒ አባቶች የኖሩባቸውን ጥንታዊ ቦታዎች ሸፍኖ ከመሸርሸር የሚጠብቃቸው እንዲህ ያለ አሸዋ ነው።

ከዚያ ጎርፍ በኋላ ቱቦዎቹ ሲፈተሹ ውስጣቸው በውሃው ኃይል ተበልቶ ተገኘ። ጥገናው ጊዜ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ጸደይ የታሰበውም ጎርፍ ሳይለቀቅ አለፈ። ጋሼ አሁንም የክረምት ደመና ወደ ዩታ ሲያጋድል ስልክ ይደውሉልኛል። ሰላምታው እንዳለቀ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦

«ፓሪያ ሞላች?»