ቆይ፣ የቱን ነው ያየኸው?

ጓደኛሞች ስለ ፊልም ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ አንድ ፊልም አይደለም። ርዕሱ አንድ ነው፣ ተዋናዮቹም ያው ናቸው፤ አንዱ ያየው ግን ሌላው ካየው ይለያል። «መጨረሻው ይከብዳል» ይላል አንዱ። «ኧረ ደስ ብሎ ነው ያለቀው» ይላል ሌላው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። «ብሌድ ራነር»ን ውሰዱ። በ1982 ሲኒማ የገባው ቅጂ ላይ ሰው ሠራሽ ሰዎችን እያሳደደ የሚገድለው ዋናው ሰውዬ ከጀርባ እየተረከ ይሄዳል፣ ሲያልቅም ጥንዶቹ በመኪና በተራራ መሃል ይነጉዳሉ። በ1992 የወጣው «ዳይሬክተርስ ከት» (የዳይሬክተሩ ቅጂ) ትረካውን አወጣ፣ ተራራውን ቆረጠ፣ በምትኩ ባለ አንድ ቀንድ ነጭ ፈረስ የሚታይበት ሕልም አስገባ። በ2007 ደግሞ «ፋይናል ከት» (የመጨረሻው ቅጂ) መጣ። ሕልሙን ያላየ ሰው «ሰውዬው ራሱ ሰው ሠራሽ ይሆን እንዴ?» የሚለው ክርክር ከየት እንደመጣ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ስለዚህ «ወደድከው?» ከማለት በፊት «ያንተ ስንት ደቂቃ ነው?» ማለት ይሻላል።

የፊልም መታወቂያው ርዝመቱ ነው። ማጫወቻው ላይ ከታች የሚታየውን ጠቅላላ ሰዓት አወዳድሩ። የአንድ ደቂቃ ልዩነት የአከፋፋይ ዓርማ ወይም የመጨረሻው የስም ዝርዝር ሊሆን ስለሚችል እለፉት። ከዚያ ከበለጠ ረጅሙን በ0.96 አባዙ። ውጤቱ ከአጭሩ ጋር ከገጠመ የተቆረጠ ነገር የለም፣ ፊልሙ ፈጥኖ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ በ24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ 25 ያሳያል። ለፓል ዲቪዲና ለጣቢያ ሲዘጋጅ 24ቱን እንደ 25 ማሮጥ የተለመደ ነበር። 120 ደቂቃው 115 ሆኖ ያልቃል። ድምፁ ካልተስተካከለ ደግሞ ቀጠን ይላል፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ተዋናይ አሥር ዓመት ያነሰ ይመስላል።

ማባዛቱ ካልገጠመ ግን አንደኛው ቅጂ ላይ የጎደለ ነገር አለ። በድጋሚ ስርጭት ከታዩ የድሮ ኮሜዲዎች ጋር ይሄ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። የአሜሪካ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ ማስታወቂያው ሲወጣለት 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለተጨማሪ ማስታወቂያ ሲባል ከዚያም ላይ ትንሽ ይሸረፋል። ቆራጩ ታሪኩ እንዳይበጠስ ስለሚጠነቀቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ለታሪኩ የማያስፈልገውን ቀልድ ነው። ችግሩ ሰው ደግሞ የሚያየው ለዚያ ቀልድ ሲል ነው።

ይኸው የ24 እና የ25 ነገር የሰብታይትል ጣጣም ያመጣል። የሰብታይትል መዛባት ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። በ5ኛው ደቂቃ አንድ ንግግር፣ በ60ኛው ደቂቃ ሌላ ንግግር ላይ ቆማችሁ ጽሑፉ በስንት ሰከንድ እንደዘገየ መዝግቡ። ሁለቱም ጋ 3 ሰከንድ ከሆነ ቀላል ነው። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ፣ ዊንዶውስ ላይ፣ የጂ ቁልፍ ጽሑፉን ያስቀድመዋል፣ የኤች ቁልፍ ያዘገየዋል። አንድ ንክኪ 50 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ለ3 ሰከንድ 60 ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ይሻላል። የጄ እና የኬ ቁልፎች ግን የሚያንቀሳቅሱት ድምፁን ነው። ጣት ስቶ እዚያ ላይ ያረፈ ሰው አፍና ንግግር ተለያይቶበት ፋይሉን ይረግማል።

መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እያደር እየራቀ ከሄደ ቁልፍ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ሰብታይትሉ የተሠራው ለ23.976 ፍሬም (በዲጂታል ፋይል 24 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው)፣ ቪዲዮው ግን የ25 ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ላይ ጽሑፉ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። «ሰብታይትል ኤዲት» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ክፈቱበት፣ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያው ላይ ከ23.976 ወደ 25 በሉትና በሌላ ስም አስቀምጡ። ሦስተኛው ዓይነት እስከ መሃል ድረስ ልክክ ብሎ ሄዶ በድንገት አንድ ደቂቃ የሚዘለው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ትዕይንት ተቆርጧል ወይም ተጨምሯል፤ ለእናንተ ቅጂ የተሠራ ሌላ ሰብታይትል ከመፈለግ ውጪ የሚያዛልቅ መፍትሔ የለውም። የአማርኛ ሰብታይትል ሠርታችሁ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ካመጣ፣ ስታስቀምጡት ከፊደል ኮድ (ኢንኮዲንግ) ምርጫዎቹ ውስጥ ዩቲኤፍ 8ን ምረጡ። ባዶ ሳጥን ብቻ ካሳየ ደግሞ ማጫወቻው የፊደል ቅርጹ የለውም ማለት ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት ምረጡ።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የሚታየው ቅርጹ ነው። ከ2000ዎቹ በፊት የተሠሩት ተከታታዮች በአብዛኛው ለ4፡3 ስክሪን (ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3) የተቀረጹ ናቸው። የዛሬው ስክሪን 16፡9 ነው። ጥቁሩን ጎንና ጎን ለመሙላት ምስሉን ሲያሰፉት ከላይና ከታች ጠቅላላ አንድ አራተኛው ይጠፋል። አንድ አራተኛ ቀላል አይደለም። «ሳይንፌልድ» በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲገባ በ16፡9 ነበር። ርዕሱ ራሱ «የመንገድ ጉድጓድ» የሆነ ክፍል አለው፤ ስለ ጉድጓዱ የሚወራበት ትዕይንት ላይ ጉድጓዱ ከፍሬሙ ውጪ ቀርቶ ሰዎቹ ባዶ መሬት የሚያዩ መሰሉ። «ዘ ሲምፕሰንስ» ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። የቢራ ፋብሪካው ትዕይንት ላይ ሦስት የተለያየ ስም የተጻፈባቸው ጋኖች ተደርድረዋል፤ ቀልዱ ከላያቸው ሦስቱንም የሚሞላው ቧንቧ አንድ መሆኑ ነው። በ2019 ዲስኒ ፕላስ ላይ የገባው ቅጂ ከላይ ስለተቆረጠ ቧንቧው አይታይም። የሚቀረው ሦስት ጋን ብቻ ነው፣ የሚያስቅ ነገር የለውም። ተመልካች ስለጮኸ በግንቦት 2020 የመጀመሪያውን ቅርጽ የመምረጫ ቁልፍ ተጨመረ፤ እዚያ የምታዩት ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ተቃራኒውም አለ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ ተከታታይ ጎንና ጎኑ ላይ ያልታየ ትርፍ ምስል ስላለው ሳይቆረጥ ሊሰፋ ይችላል። ያን ጊዜ ግን ዳይሬክተሩ «እዚህ አይታይም» ብሎ የተወው መብራት፣ የማይክ ዘንግ ወይም ተራውን የሚጠብቅ ተዋናይ ብቅ ይላል። «ዘ ዋየር» በ2014 ወደ 16፡9 ሲቀየር ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን አንዳንዱ ትዕይንት እንደተጠቀመ፣ አንዳንዱ እንደተጎዳ ራሱ ጽፏል። በእኔ እምነት 4፡3 ካለ 4፡3 ይታይ። ጥቁሩን ጠርዝ ዓይን በ10 ደቂቃ ይለምደዋል።

ሰዎቹ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆነው ከታዩ ጥፋቱ የቅጂው አይደለም፣ የቴሌቪዥኑ ነው። ከሪሞቱ የምስል ስፋት ቅንብሩን ከመለጠጥ ወደ «ኦሪጅናል» መልሱት።

አዳዲሶቹም ከዚህ አላመለጡም። የ2025ቱ «ሲነርስ» ከፊሉ እጅግ ሰፊና ቀጭን በሆነ 2.76፡1፣ ከፊሉ ደግሞ ለግዙፍ ስክሪን በሚሠራው በአይማክስ ካሜራ ነው የተቀረጸው። አይማክስ ፊልም በሚያሳይ አዳራሽ ምስሉ ድንገት ወደ ላይና ወደ ታች እየተከፈተ 1.43፡1 ይሆናል፤ በመደበኛ አዳራሽ ግን እንደቀጠነ ያልቃል። «ያ ትዕይንት ላይ ትንፋሼ ቆመ» ያለውና «ምኑ ነው?» ያለው ጓደኛሞች ጣዕማቸው ላይለያይ ይችላል። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር የፊልም ጥቅል በእጁ ይዞ የእያንዳንዱን ቅርጽ ልዩነት የሚያስረዳበት ቪዲዮ አለ፤ ከፊልሙ በፊት ብታዩት ምንም አያበላሽባችሁም።

የክፍሎች ቅደም ተከተልም ይጣራ። «ፋየርፍላይ» በ2002 ሲተላለፍ ጣቢያው የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ሰዓት ክፍል ወደ ኋላ ገፍቶ ታኅሣሥ 20 ላይ ነው ያሳየው፤ ከተሠሩት 14 ክፍሎች ውስጥም የተላለፉት 11 ብቻ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ የሚተዋወቁበትን ክፍል መጨረሻ ላይ ያየ ሰው «ታሪኩ አይያዝም» ቢል ምን ይደንቃል? በዲቪዲ የወጣው ቅደም ተከተል ነው ትክክለኛው።

ቴሌቪዥኑ ራሱም ፊልሙን ይለውጠዋል። ፊልሙ ቤት ውስጥ በእጅ ካሜራ እንደተቀረጸ ልስልስ ብሎ ከሄደ፣ በፍሬሞቹ መካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ የሚያስገባው ነገር በርቷል ማለት ነው። ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው»፣ አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ» ይባላል። አጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» ያለው ቴሌቪዥን ከሆነ ያንን መምረጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይገላግላል። ምስሉ መጀመሪያ ላይ ደብዘዝ ያለ ይመስላል፤ ክፍሉን ጨለም ማድረግ እንጂ ብርሃኑን መጨመር አይደለም መልሱ። ንግግሩ የማይሰማ ሙዚቃው ግን ቤት የሚያናጋ ከሆነ ደግሞ ባለ 5.1 ድምፅ (ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ) በሁለት ስፒከር እየወጣ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ የሚሄደው በዋናነት በመሃለኛው መስመር ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ድምፁን «ስቴሪዮ» አድርጉት።

በየቤታችሁ ሆናችሁ አብራችሁ ስታዩ ትልቁ ጠላት የሰከንዶች ልዩነት ነው። 10 ሰከንድ የቀደመ ሰው ሲስቅ የሌሎቹን ቀልድ ገደለ። መላው እንዲህ ነው፤ ሁሉም የክፍሉ ርዕስ ከስክሪን የሚጠፋበት ቅጽበት ላይ ያቁም፣ አንድ ሰው ከ3 ወደ 1 ይቁጠር፣ «ጀምር» ሲል ሁሉም ይጫን። የሚቆጥረው ኢንተርኔቱ በጣም ደካማ የሆነው ሰው ይሁን፤ ፈጣኑ ደካማውን መጠበቅ ይችላል፣ ደካማው ፈጣኑን አይደርስበትም። «መግቢያውን ዝለል» የሚለውን ቁልፍ ማንም አይንካ፤ የሚበተነው ብዙውን ጊዜ በእሱ ነው። ማስታወቂያ ያለበት ጥቅል የሚጠቀም ሰው ከመሃላችሁ ካለ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር እንደገና መቁጠር ግድ ነው። ለድምፅ ጥሪው ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፣ አለዚያ የፊልሙ ድምፅ እየተመለሰ ያስተጋባል።

እንደገና ለማየት የሚመረጠው ተከታታይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ይሰላ። «ብሬኪንግ ባድ» 62 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 47 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ 48 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ በሳምንት ሁለት ክፍል ቢባል 31 ሳምንት። «ፍሬንድስ» 236 ክፍል ነው፤ በ22 ደቂቃ ሲታሰብ 86 ሰዓት ተኩል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናየዋለን ብሎ የሚነሳ ቡድን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይበተናል። ለኮሜዲ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ክፍል ይምረጥ፤ የመረጠበትን ምክንያት ግን ከታየ በኋላ ብቻ ይናገር። አዲስ ምዕራፍ ሊጀመር ሲል ሁሉንም መከለስ አያስፈልግም። «ሴቨረንስ» በአንደኛውና በሁለተኛው ምዕራፍ መካከል ከሚያዝያ 2022 እስከ ጥር 2025 ጠብቋል፤ እንዲህ ላለው የመጀመሪያውን ክፍልና የመጨረሻዎቹን ሁለት ማየት ይበቃል። «አዶለሰንስ» (2025) ግን አራት ክፍል ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ያለምንም መቁረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ። እሱን በመሃል አቁሞ ሻይ ማፍላት ያበላሸዋል፤ የሚጠጣ ነገር ካለ ከመጀመሩ በፊት።

ካለቀ በኋላ «ወደድከው?» ከሚለው የተሻለ ጥያቄ አለ፤ «ስልክህን ያነሳኸው የት ላይ ነው?» ሰው ይሄን ሲጠየቅ አይዋሽም፣ መልሱም ትዕይንት እንጂ ስሜት አይደለም። ሁሉም ደቂቃውን ይጥራ። ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ስልክ ካነሱ እዚያ ጋ ፊልሙ ዝሏል፤ ለምን እንደዛለ ማውራት ይቻላል። አንደኛዋ «48ኛው ደቂቃ ላይ»፣ ሌላው «46ኛው ላይ» ካሉም ቸኩላችሁ ተለያዩ አትበሉ። 48ን በ0.96 አባዙት።