ለንደን አልቅሳ ስትጨርስ እኛ ገና እንጀምራለን

የእንግሊዙን ተከታታይ ድራማ «ዳውንተን አቢ»ን ከእህቴ ጋር ነው የወደድኩት፤ አብረን ግን አላየነውም። እሷ ለንደን፣ እኔ ሜሪላንድ ነን። እሷ እሑድ ማታ በእንግሊዙ ጣቢያ በአይ ቲ ቪ ያየችውን ክፍል እኔ በአሜሪካው ጣቢያ በፒ ቢ ኤስ የማየው ከሦስት ወር በላይ ቆይቼ ነበር።

እንደ ሦስተኛው ምዕራፍ ያንገበገበኝ የለም። በእንግሊዝ ሴፕቴምበር 2012 ተጀምሮ፣ ለእኛ የደረሰው ጃንዋሪ 6 ቀን 2013፣ በገናችን ዋዜማ ነው። ነጠላዬን ለብሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን ተዘጋጅቼ ነው ያየሁት።

እኔ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 2012፣ እህቴ ደወለችና፣ «ነፍሰ ጡር ቁርጭምጭሚቷ ቢያብጥ፣ ራሷን ቢያማት፣ ንግግሯ ቢዘበራረቅ ምንድን ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ማን ናት? አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት! ግፊቷን ይለኩ፣ ሽንቷን ይመርምሩ!» ዝም አለች። ቆይታ፣ «ለማወቅ ያህል ነው እታለም» ብላ ወሬ ለወጠች።

የገባኝ ጃንዋሪ 27 ማታ ነው። በድራማው የቤተሰቡ ሐኪም ዶክተር ክላርክሰን ያንኑ ምልክት እየጠራ ይለምናል፤ ባለ ማዕረጉ ሐኪም ግን ምንም የለባትም ይላል። የቤቱ ትንሿ ልጅ ሌዲ ሲቢል ሴት ልጅ በወለደች ሌሊት ተንዘፍዝፋ ሞተች። እንዲህ ያለ ምልክት ችላ ሲባል ማየት ለእኔ ድራማ ብቻ አይደለም። እያለቀስኩ ደወልኩ። እህቴ አጽናናችኝ፤ የእሷ እንባ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

የሲቢል ታላቅ እህት የሌዲ ሜሪ ባል የሆነውን የማቲውን ሞት ደግሞ ማንም ሊደብቅልን አልቻለም። እንግሊዞች በፈረንጅ ገና ማታ አዩት፤ ወዲያው ዜና ሆነ። እኛ ያየነው ፌብሩዋሪ 17 ነው። ምዕራፉ ሳይጀመርልን መጨረሻውን አወቅን፤ ማቲው በሳቀ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

የጣቢያው ምክንያት ይገባኛል። በመከር ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች አዳዲስ ድራማዎቻቸውን ያወጣሉ፤ ጃንዋሪ ፋታ ይሰጣል። ያ የፌብሩዋሪ 17ቱ የመጨረሻ ክፍል ከ8 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ቢሆንም የድራማ ግማሽ ጣዕሙ በማግስቱ ያለው ወሬ ነው፤ የአያትየዋን ተዋናይት የማጊ ስሚዝን ንግግር እየደገሙ መሳቅ፣ በሌዲ ሜሪ መናደድ። ያንን ነው የነፈጉን። ደግሞም ይቻላል፦ ቢቢሲ የ«ዶክተር ሁ» ድራማውን 50ኛ ዓመት ልዩ ክፍል ኖቬምበር 23 ቀን 2013 በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ አሳይቷል።

ዳውንተን ግን እንደዘገየ አለቀ፤ በእንግሊዝ በ2015 ገና፣ በእኛ ማርች 2016። በዚያ ጊዜ እህቴ ጨከነች። የመጨረሻውን ክፍል ቀድታ አስቀምጣ ሳታይ ጠበቀችኝ። ስልካችንን ከፍተን፣ እሷ እንቅልፏን አጥታ፣ እኩል ጀመርነው። ሌላዋ የሜሪ እህት ኢዲት ስትዳር እልልታዋን ለቀቀችው፤ ለንደን ሌሊት መሆኑንም ረስታዋለች።